የተከፈለበት ምስክርነት፦ ጎንደር ላይ ከስልክ የሚነበብ አስተያየት ምን ያህል ይታመናል?

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍለጋ ይጧጧፋል። ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የሚመጣው እንግዳ አልጋ ይፈልጋል፤ ነዋሪው ደግሞ የበዓል ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶና የፊት ቅባት ያማርጣል። ሁለቱም ፍለጋዎች አሁን አሁን የሚጀምሩት ከስልክ ነው። እንግዳው ጉግል ካርታ ላይ ለሆቴሎች የተሰጡትን ኮከቦች ያነጻጽራል። ነዋሪው የቴሌግራም ቻናሎችን ያገላብጣል፣ ቲክቶክ ላይ ዕቃ ይዘው የሚያሞግሱ ወጣቶችን ይመለከታል። የተገዛው ነገር እንደተወራለት ሳይሆን ሲቀር ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን «ተከፍሏቸው ነው የሚዋሹት» ይላል። ሌላው «ሳያይ የገዛ ራሱን ይውቀስ» ብሎ ይዘጋዋል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ በሐሰተኛ ስም አምስት ኮከብ የሚሰጥ ሰው አለ። ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃ የሚያስተዋውቅ አለ። ያየውን በቅንነት የሚናገር፣ ነገር ግን ምስክርነቱ ለገዢው የማይበጅ ሰውም አለ። የመጀመሪያው ማጭበርበር ነው፤ ሁለተኛው ንግድ ነው፤ ሦስተኛው የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል። መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

ስለ ምን እየተናገርን ነው?

«ሪቪው» የሚባለው አንድን ዕቃ ወይም አገልግሎት የተጠቀመ ሰው ለሌሎች ገዢዎች የሚተወው አስተያየት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት በሚደርስ ኮከብ ይታጀባል። «ኢንፍሉዌንሰር» ወይም ተጽዕኖ ፈጣሪ ደግሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ባፈራው ተከታይ አማካኝነት የሰውን ምርጫ መምራት የቻለ ሰው ነው። ለይዘቱ የሚከፍለው ነጋዴ ስፖንሰር ይባላል።

ክፍያው ሁልጊዜ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ዕቃውን በነጻ መላክ፣ ሆቴል ውስጥ ያለ ሒሳብ ማሳደር፣ ከሽያጩ ኮሚሽን ማሰብ ሁሉም ክፍያ ናቸው። «ስጦታ ነው እንጂ አልተከፈለኝም» የሚለው ማስተባበያ ብዙ አያስኬድም። በእንግድነት ያበላውንና ያሳደረውን ሰው በአደባባይ መንቀፍ እንዴት እንደሚከብድ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥያቄው የክፍያው መደበቅ ነው

ተከፍሎት ዕቃ የሚያሞግስ ሰው በገበያችን አዲስ አይደለም። ቤት ወይም ከብት የሚያሻሽጥ ደላላ ኮሚሽን እንዳለው ሻጭም ገዢም ያውቃሉ። ስለዚህ ደላላው «ከዚህ የተሻለ አታገኝም» ሲል ገዢው ቃሉን ቀንሶ ይሰማል፣ ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይጠይቃል፣ ዋጋ ይከራከራል። ደላላ አይዋሽም ማለት አይደለም፤ ገዢው ግን ምን ያህሉን እንደሚቀበልና ምን ያህሉን እንደሚተው ያውቃል። የተከፈለውን ያልተናገረ ኢንፍሉዌንሰር ይህን ዕድል ነው የሚነሳው። ተመልካቹ ማስታወቂያውን እንደ ወዳጅ ምክር አድርጎ ይሰማዋል።

የወዳጅነቱ ስሜት ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ የተጠና ጉዳይ ነው። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ተመልካቾች ከአቅራቢዎች ጋር የሚፈጥሩትን የአንድ ወገን ቅርበት «ፓራሶሻል» ብለው ሰይመውታል። ተመልካቹ አቅራቢውን በየቀኑ ስለሚያየው የሚያውቀው ይመስለዋል፤ አቅራቢው ግን ተመልካቹን አያውቀውም። ስልክ ይህን ቅርበት ከሳሎን አውጥቶ መዳፍ ላይ አስቀምጦታል። በራሷ ዘዬ የምትናገር፣ ከፋሲል ግቢ ፊት ለፊት ቆማ ቪዲዮ የምትቀርጽ ልጅ ከአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይልቅ ለጎንደር ወጣት ትቀርበዋለች።

የገቢው አወቃቀርም ድርሻ አለው። ቲክቶክ በተመልካች ብዛት ለቪዲዮ ሠሪዎች የሚከፍልበት ፕሮግራም የተወሰኑ አገሮችን ብቻ የሚያቅፍ ሲሆን ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። እዚህ ያለ ወጣት ብዙ ሺህ ተከታይ ቢያፈራም የሚተርፈው በቀጥታ ሥርጭት የሚላክለት ስጦታና የነጋዴ ገንዘብ ነው። ስጦታው እንደ ዕድል ነው። ነጋዴው ግን በየሳምንቱ አለ። ስለዚህ የሚያሞግስ እንጂ የሚነቅፍ ቪዲዮ እንጀራ አይሆንም። ይህን የግለሰቦች የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ አድርጎ መቁጠር ነገሩን በግማሽ ማየት ነው።

ክፍያን መደበቅ ከውሸት የተለየ ጥፋት መሆኑን ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ የኪም ካርዳሺያን ነው። የአሜሪካ የዋስትና ሰነዶችና የገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2022 እ.ኤ.አ. የከሰሳት ኢቴሪየም ማክስ ስለተባለ ዲጂታል ገንዘብ በኢንስታግራም ገጿ ስትጽፍ 250,000 ዶላር እንደተከፈላት አልተናገረችም በሚል ነበር። ጥፋቱን ሳታምንም ሳትክድም 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ክሱ የሚያጠነጥነው የጻፈችው እውነት ነው ወይስ ሐሰት በሚለው ላይ ሳይሆን ተከታዮቿ ማወቅ የሚገባቸውን ክፍያ በመሰወሯ ላይ ነው።

ጥቂት ኮከብ ባለበት ከተማ

የሐሰተኛ አስተያየት ጉዳይ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት እንደ አማዞን ያሉ ግዙፍ ገበያዎች ናቸው። ትሪፕአድቫይዘር የተባለው የጉዞ ድረ ገጽ በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሐሰተኛ አስተያየት እንደያዘ ራሱ አስታውቋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በግቢው ውስጥ ያለ ዳስ መሳይ ቤት ምግብ ቤት ነው ብሎ አስመዝግቦ፣ ወዳጆቹን ባስጻፋቸው የሐሰት ምስክርነቶች ከለንደን ምግብ ቤቶች ሁሉ በዚሁ ድረ ገጽ አንደኛ ለማስባል በቅቷል። ምግብ የማይሸጥበት ቤት ነበር።

በጎንደር ያለው ችግር ግን መልኩ ይለያል፤ እዚህ አስተያየቱ ራሱ ጥቂት ነው። ለምሳሌ 12 ሰዎች ኮከብ የሰጡትና አማካዩ 3 የሆነ ሆቴል አለ እንበል። ባለቤቱ ስድስት ዘመዶቹንና ሠራተኞቹን አምስት አምስት ኮከብ ቢያስሰጥ አማካዩ ወደ 3.7 ይወጣል። ያው ስድስት ሰው 1,200 አስተያየት ባለው ሆቴል ላይ ቢጨመር አማካዩ ከ3.01 አያልፍም። ትንሽ ገበያን ለማሳሳት የተደራጀ ቡድን አያስፈልግም፤ አንድ የቡና ሰዓት ይበቃል። ተቃራኒውም ልክ ነው፦ የተጣላ ተፎካካሪ በሦስት ስልክ ሦስት አንድ አንድ ኮከብ ቢሰጥ ደህናውን ቤት ከዝርዝሩ ግርጌ ሊያደርሰው ይችላል።

ኮከቡ ለምን ይህን ያህል እንደሚፈለግ የሐርቫርዱ ማይክል ሉካ በ2011 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት ማየት ይቻላል። በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ የአንድ ምግብ ቤት ደረጃ የልፕ በተባለው የአስተያየት ድረ ገጽ ላይ በአንድ ኮከብ ከፍ ሲል ገቢው ከ5 እስከ 9 በመቶ እንደሚጨምር አግኝቷል። ውጤቱ የታየው በየከተማው ቅርንጫፍ ባላቸው ታዋቂ ስሞች ላይ አልነበረም፤ ገዢው አስቀድሞ በማያውቃቸው የግል ምግብ ቤቶች ላይ ነው። የጎንደር ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ደግሞ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉት ናቸው።

የአስተያየቱ ዕድሜም ሌላ ራስ ምታት ነው። ኮቪድ፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ቀጥሎም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትና ለወራት የዘለቀው የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጥ የጎብኚውንም የጸሐፊውንም ቁጥር አመናምነዋል። በዚህ የተነሳ አንድ እንግዳ ዛሬ የሚያነበው ምስጋና ከዓመታት በፊት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው አልዋሸም፤ የሚመሰክረው ግን ስለዚያን ጊዜው አስተዳዳሪ፣ ስለዚያን ጊዜው ወጥ ቤትና ስለዚያን ጊዜው የውኃ ፓምፕ ነው።

መድረኮቹም እኩል አይደሉም። ቡኪንግ ዶት ኮም አስተያየት የሚቀበለው በእርሱ በኩል አልጋ ይዞ ከነበረ እንግዳ ነው። ጉግል ካርታ ላይ ግን የጉግል አድራሻ ያለው ማንኛውም ሰው ጎንደርን ሳይረግጥ ኮከብ መስጠት ይችላል። ስለዚህ «አራት ነጥብ አምስት ኮከብ» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

የቴሌግራም ቻናል ዝምታ

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት ንግድ ሰፊ መደብር የሆነው ቴሌግራም ከዚህም የባሰ ጠባይ አለው፤ ሻጩ የመደብሩም የአስተያየት መዝገቡም ባለቤት ነው። የቻናሉ አስተዳዳሪ አስተያየት መስጫውን ሊዘጋው፣ ቅሬታ ሲጻፍ ሊያጠፋው፣ ጸሐፊውን ሊያስወጣው ይችላል። ዋጋ ለሚጠይቅ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይባላል። ስለዚህ ቅሬታ የማይታይበት ቻናል ደንበኞቹ ሁሉ የረኩበት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

በምስክርነት ፋንታ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው የመልእክት ልውውጥ ፎቶ ነው፦ «ደርሶኛል፣ በጣም አሪፍ ነው፣ እናመሰግናለን»፣ የላኪው ስም በቀለም የተሸፈነ። ስሙ የሚሸፈነው ለደንበኛው ምስጢር ሲባል ሊሆን ይችላል፤ ግን ይኸው መሸፈን ፎቶውን ለማንም የማይጣራ ያደርገዋል። በሁለት ስልክ እንዲህ ያለ ልውውጥ መሥራት የደቂቃዎች ሥራ ነው። የተከታይ ቁጥርና የዕይታ ብዛትም በገንዘብ የሚገዙ ነገሮች ስለሆኑ ትልቅ ቁጥር ትልቅ ማስረጃ አይደለም።

በሌላው ወገን ያለው ደግሞ ይሉኝታ ነው። ሻጩ የጎረቤት ልጅ፣ ኢንፍሉዌንሰሯ የእህት ጓደኛ በሆነችበት ከተማ «ጥሩ አይደለም» ብሎ በስም መጻፍ ከዕቃው ዋጋ በላይ ያስከፍላል። የተከፋው ዝም ብሎ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ቅሬታው ከቡና ላይ ወሬ አያልፍም። በዚህ ምክንያት በጽሑፍ የሚቀረው አስተያየት አንድም ሐሰተኛ ባይኖርበት እንኳ ወደ ምስጋና ያደላል።

ፈጥኖ የሚታይ ለውጥ፣ ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳት

የምጣኔ ሀብት ምሁራን ዕቃዎችን ገዢው ጥራታቸውን በሚያውቅበት ጊዜ ይከፋፍላሉ። አንዳንዱ ከመግዛት በፊት ይታያል። ቅዳሜ ገበያ ቅቤ የምትገዛ ሴት ታሸታለች፣ ቆንጥራ ትቀምሳለች፣ ቀለሙን ታያለች፤ ቪዲዮ ይህን ሽታ አያደርስም። ሌላው ከተጠቀሙበት በኋላ ይታወቃል፤ ጫማ እንዲህ ነው። ሦስተኛው ወገን ተጠቃሚው ተጠቅሞበትም በራሱ ሊፈርድበት የማይችለው ነው። መድኃኒትና ብዙ የፊት ቅባቶች የሚመደቡት እዚህ ላይ ነው። የኢንፍሉዌንሰር ምስክርነት አደገኛ የሚሆነውም እዚሁ ላይ ነው።

ቆዳ የሚያቀሉ ቅባቶችን እንውሰድ። በየአገሩ በተደረጉ ምርመራዎች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ፣ ሌሎቹ ደግሞ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ተገኝቶባቸዋል። ሜርኩሪ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳይመረት ስለሚያውክ ፊቱ በእርግጥ ይነጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስጠነቅቀው ግን ዋናው ጉዳቱ ኩላሊት ላይ ነው፤ ኩላሊት ደግሞ በመስታወት አይታይም። ስቴሮይዱም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያጠራል፣ ብጉር ያከስማል። ሲውል ሲያድር ቆዳው ይሳሳል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ ይቀላል፣ ይቆጣል፣ ተጠቃሚዋም ቅባቱ የሚያክማት መስሏት ትመለስበታለች። ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት በአንድ ኪሎ ግራም ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን «በአንድ ሳምንት ለውጥ አየሁ» የምትለውን ወጣት እናስባት። ምናልባት አንድ ብር አልተቀበለችም። የምትናገረውም እውነት ነው፤ ለውጡን አይታለች። ቪዲዮው የተቀረጸው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ የሚቀረጽ ቪዲዮ ግን እምብዛም አይኖርም። ስለዚህ «ተከፍሏታል ወይስ አልተከፈላትም?» የሚለው ጥያቄ ለጫማ ቢሠራም ለቅባት አይበቃም። ለቅባት የሚጠየቀው ብልቃጡ ላይ የይዘቱ ዝርዝር፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የማብቂያ ቀን መኖሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ወይም የመድኃኒት ባለሙያ ምን እንዳለ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

«ኢንተርኔት ላይ ሕግ የለም» የሚለው በብዛት የሚሰማ አባባል ትክክል አይደለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ማስታወቂያ ከመደበኛ ፕሮግራም ተለይቶ እንዲታወቅም ይፈልጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚሸጥ ሰው ማንነቱንና አድራሻውን ለገዢው እንዲያሳውቅ ይጠብቃል። መዋቢያዎችን በተመለከተ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ።

ክፍተቱ ሌላ ቦታ ነው። የማስታወቂያ አዋጁ ሲወጣ ቲክቶክ አልተፈጠረም፤ የጻፉት ሰዎች በዓይነ ሕሊናቸው የነበረው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ጋዜጣና ቢልቦርድ ነው። ከመኝታ ክፍሏ የምትቀርጽ ልጅ «አስተዋዋቂ» ናት ወይስ ሐሳቧን የምትገልጽ ዜጋ? ለዚህ ጥርት ያለ መልስ ያስፈልጋል። የ15 ቀኑ መብትም ደረሰኝ ለያዘ ሰው እንጂ ስልክ ቁጥርና «አድራሻ፦ ፒያሳ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም ለሌለው ገዢ ብዙ አይረዳውም። የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራው ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከተላለፈ ወዲህ በከተማ ደረጃ ቅሬታ የሚቀርበው በዋናነት ለንግድ መምሪያ ነው፤ መምሪያው ደግሞ ቋሚ ሱቅና ንግድ ፈቃድ ያለውን እንጂ ስሙን በአንድ ሌሊት የሚቀይር ቻናል ለመያዝ አልተደራጀም።

በውጭ ያለው ቁጥጥር እየጠነከረ መጥቷል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሐሰተኛ አስተያየት መግዛትና መሸጥን፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረኩትን ጨምሮ፣ የሚከለክል ደንብ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ብሪታንያም በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ክልከላ ጀምራለች። የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ነገር ለእኛም ቅርብ ነው፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ሐሰተኛ የአማርኛ ምስጋና በተሰባበረ አማርኛው ይታወቅ ነበር፣ አሁን ግን ያ ምልክት እየጠፋ ነው።

«ተከፍሎኛል» ማለት ይበቃል ወይ?

ቁጥጥር ይጥበቅ የሚሉ ወገኖች ፈቃድ፣ ምዝገባና ቅጣት ይጠይቃሉ። የሚቃወሟቸው ሁለት ነገር ያነሳሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚከፍለው የሌለው ትንሽ ነጋዴ፣ ለምሳሌ የወለቃ ሸክላ ሠሪ ወይም በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥ እናት፣ ገበያ ያገኘው በእነዚሁ ልጆች ስልክ ነው፤ ፈቃድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወድቀው እርሱ ነው። ሁለተኛው፣ «አሳሳች ይዘት» የሚል ሰፊ ቃል የተሰጠው ባለሥልጣን ከቅባት አልፎ የማይወደውን ንግግር ሁሉ ሊለካበት ይችላል።

ከዚህ አንጻር ክፍያን ይፋ ማድረግን ማስገደድ መካከለኛው መንገድ ይመስለኛል፤ ርካሽ ነው፣ ማንንም ከሥራ አያስወጣም። ተአምር ግን አይሠራም። ዴይሊያን ኬይን፣ ጆርጅ ሎዌንስታይንና ዶን ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ተሳታፊዎች በብልቃጥ ውስጥ ያለው ሳንቲም ስንት እንደሚሆን ከሩቅ እንዲገምቱ ተደረገ፤ ቀርበው ያዩ አማካሪዎች ደግሞ ይመክሯቸዋል። ለአማካሪው የሚከፈለው ገማቹ ግምቱን ከፍ ባደረገ መጠን ሲሆን፣ ይህም ለገማቹ በይፋ ሲነገረው አማካሪዎቹ ጭራሽ አጋነኑ፤ ገማቾቹም የሰሙትን የቀነሱት በበቂ መጠን አልነበረም። «ነግሬሃለሁ» ያለ ሰው የሕሊና ሸክሙ ይቀልለታል ማለት ነው። ስለዚህ ይፋ ማድረጉ የሚጠቅመው ተመልካቹ በሚያየው ቦታ፣ በአማርኛ፣ ቪዲዮው ሲጀምር ከሆነ ነው። ከጽሑፉ ግርጌ በእንግሊዝኛ የተወሸቀ አንዲት ቃል የተናገረ ለመባል ያህል ነው። ለጤና ነክ ዕቃ ደግሞ ይፋ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ እዚያ ላይ ክልከላ ያስፈልጋል።

ገበያው ወዴት ሊሄድ ይችላል?

የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ እንዳሳየው ገዢው ደህናውን ከብልሹው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ይሆናል። በዚያ ዋጋ ደህና ዕቃ ማቅረብ አያዋጣም፤ ደህናው ሻጭ ይወጣል፣ ብልሹው ይቀራል። የኢንተርኔት ንግዳችን ወደዚህ እንዳይንሸራተት የሚያሰጋ ምልክት አለ፦ ገዢው ቪዲዮውን አይቶ ዋጋ ካወቀ በኋላ ዕቃውን ለመግዛት ወደሚያውቀው ሱቅ ይመለሳል። ታማኙ የቴሌግራም ሻጭ የአታላዩን ዕዳ ይከፍላል።

ስለዚህ ሕግ አስፈጻሚው እስኪደርስ መጀመሪያ መንቀሳቀስ የሚያዋጣው ለራሱ ለታማኙ ነጋዴ ነው። ገዢው ዕቃውን ከፍቶ ካየ በኋላ በቴሌብር እንዲከፍል መፍቀድ፣ ደረሰኝ መስጠትና የሱቅ ቁጥርን በትክክል መጻፍ አታላይ ሊከተለው የማይችለው ወጪ ነው። ሆቴሎችም ከጥምቀት በኋላ አስተያየት እንዲጽፉ የሚለምኑት ደስ ያለውን እንግዳ ብቻ ባይሆን፣ ሁሉንም ቢጠይቁ፣ «ሌሊት ውኃ አልነበረም» ብሎ ለጻፈው እንግዳ ከማስጠፋት ይልቅ ፓምፑ መቼ እንደተጠገነ ከነቀኑ ቢመልሱለት፣ በሚቀጥለው ዓመት ገጹን ለሚያነብ መንገደኛ ከስድስት ዘመድ አምስት አምስት ኮከብ የበለጠ ይነግረዋል።